ራስ ምታቱ ምች ላይሆን ይችላል

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ራሷን ሲያማት ቤተሰብ ምክንያት አያጣም። ቡናዋ ዘግይቶባት ነው፤ ፀሐይ መትቷት ነው፤ ምች ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጣታል፤ ብዙ ጊዜም ይተዋታል። ሕመሙ አልለቅ ካላትና ዐይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለባት ግን የሚያስፈልጋት ዳማከሴ ሳይሆን የደም ግፊት መለኪያ ነው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል መታወክ ከጀመረ፣ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። ነገሩ የሚጠነሰሰው ከአንጎል ርቆ፣ የእንግዴ ልጅ ላይ ነው። ወደ እሱ የሚሄዱት የማሕፀን ደም ሥሮች እንደሚገባ ሳይሰፉ ሲቀሩ ደም ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ የእናቲቱን ደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዱ ፕሮቲኖችን ወደ ደሟ ይለቃል።

አንጎል ለወትሮው ራሱን ይጠብቃል። ግፊት ሲጨምር ቀጫጭን ደም ሥሮቹ ይጠብባሉ፣ ሲቀንስ ይሰፋሉ፤ የሚደርሰው ደም ብዙም አይለዋወጥም። በፕሪኤክላምፕሲያ ይህ ጥበቃ ይላላል፤ ደም ሥሮቹ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ አንጎልም ያብጣል። እብጠቱ የሚበረታው በአብዛኛው ከኋላ፣ የማየት ሥራ በሚከናወንበት ክፍል ነው። ዐይኗ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ብርሃን የሚጠፋባት እናት የምታጋጥመው በዚህ ምክንያት ነው። በጊዜ ከታከመች እይታዋ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል።

የአንጎል ሴሎች ክፉኛ ሲታወኩ መንቀጥቀጥ ይከተላል፤ ይህ ኤክላምፕሲያ ነው። ክብሪት ማሽተት አይረዳትም። በጎኗ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ ግፊቱ 160/110 ሲደርስ አንጎል ውስጥ ደም ሊፈስ ስለሚችል በአስቸኳይ መውረድ አለበት።

መንቀጥቀጡን የሚከላከለው መድኃኒት ርካሽ ጨው ነው፤ ማግኒዚየም ሰልፌት። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መጠኑ ሲበዛ ግን ትንፋሽን ያዳክማል። አዋላጇ የታካሚዋን ጉልበት በትንሽ መዶሻ እየመታች የምታየው ለዚህ ነው፤ እግሯ መፈናጠሩን ካቆመ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው።

ፍቱን መፍትሔው መውለድ ነው ይባላል። ይሁንና የእንግዴ ልጁ ሲወጣ አደጋው በዚያው ቅጽበት አብሮ አይወጣም። ኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ስድስት ሳምንት ማለት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ያለውን ጊዜ ያህል ነው። በእነዚያ ቀናት ገንፎ ለመቅመስ ጎራ ያለ ጠያቂ «ማርያም ማረችሽ» ካለ በኋላ አንድ ጥያቄ ቢጨምር አይከፋም፦ «ራስሽን አያምሽም?»