ዛፉ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው

በኬንያ ባሕር ዳርቻ አንድ የኮኮናት ዛፍ ሥር ቆማችሁ «ይህ የማን ነው?» ብትሉ ሦስት ባለቤት ሊወጣለት ይችላል። ዛፉን የተከሉት የመንደሩ አዛውንት ናቸው። ዛፉ የቆመበት መሬት ሞምባሳ ወይም እዚሁ ናይሮቢ በሚኖር፣ መንደሩን ረግጦት በማያውቅ ሰው ስም ተመዝግቧል። ጠዋትና ማታ ዛፉ ላይ እየወጣ ምናዚ የሚባለውን መጠጥ የሚቀዳው ደግሞ ዛፉን የተከራየ ሌላ ሰው ነው። እኛ ናይሮቢ ያለን ሐበሾች እረፍት ባገኘን ቁጥር በማዳራካ ኤክስፕረስ ባቡር ሞምባሳ እንወርዳለን፣ ዲያኒና ዋታሙ አሸዋ ላይ እንዝናናለን፤ አንዳንዶቻችንም «እዚህ ቦታ ገዝቶ ቤት መሥራት ነበር» እያልን እንመለሳለን። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

መነሻው የዛንዚባር ሱልጣን ነው። ዳርቻው፣ ከባሕሩ ወደ ውስጥ አሥር ማይል ድረስ፣ የእሱ ግዛት ነበር። እንግሊዞች በ1895 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ) ለሱልጣኑ በየዓመቱ እየከፈሉ ሊያስተዳድሩት ተዋዋሉ። ከዚያ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ልዩነት ተከታትለው መጡ። በ1907 በዳርቻው ባርነት በሕግ ተሻረ። በ1908 ደግሞ የመሬት ባለቤትነት ሕግ ወጣ፦ መሬት አለኝ የሚል ይቅረብና ያስመዝግብ፣ ባለቤት ነኝ ባይ ያልቀረበበት መሬት የዘውዱ ይሆናል የሚል ነበር።

እስቲ ማን ሊቀርብ እንደሚችል አስቡት። የጽሑፍ ውል የያዙ፣ የፍርድ ቤቱን ደጅ የሚያውቁ የዐረብና የስዋሂሊ ቤተሰቦች ቀረቡ። ሚጂኬንዳዎች፣ ማለትም ጊሪያማ፣ ዲጎ፣ ዱሩማና ሌሎቹ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ሕዝቦች፣ መሬት የሚይዙት በጎሳ ነበር፤ «የእኔ» ብሎ በግሉ የሚቀርብ ሰው አልነበራቸውም። ትናንት ነፃ የወጣው ባሪያ ደግሞ የሚያርሰው መሬት በእጁ ነበር እንጂ ወረቀት ከየት ያመጣል? ስለዚህ አገሬው በተወለደበት ቀዬ ሰፋሪ ተባለ። እስከ ዛሬም በእንግሊዝኛው «ስኳተር» እየተባለ ይጠራል። ሚጂኬንዳዎች ጥንት በአጥር ከልለው ይኖሩባቸው የነበሩት ካያ የተባሉት ቅዱሳን ደኖች ግን በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እዚያ ለመኖራቸው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጭሰኛ ምን እንደሆነ ከአያቶቻችን ሰምተናል። የእኛው አገር በ1975 የገጠሩን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አድርጎ ባላባቱን ነቀለ። ኬንያ የሄደችው በተቃራኒው መንገድ ነው። በጥቅምት 1963 ዳርቻው ከሱልጣኑ ወደ ኬንያ ሲሻገር፣ ቀድሞ የተሰጡ የመሬት ወረቀቶች እንደጸኑ እንዲቆዩ ስምምነት ተደረገ። ሱልጣኑ ራሱ በጥር 1964 ከዙፋኑ ተባረረ፤ ወረቀቶቹ ግን ቀሩ። ከነፃነት በኋላም ለባለሥልጣን የቀረበ ሰው በዳርቻው ላይ ቦታ አገኘ። በመላ አገሪቱ የሕዝብ መሬት እንዴት ያለ አግባብ እንደታደለ በ2004 የወጣው የንዱንጉ ኮሚሽን ሪፖርት ዘርዝሮ አሳይቷል።

ወደ ዛፉ ልመልሳችሁ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። በዳርቻው ልማድ ዛፉ የተከለው ሰው ንብረት ነው፤ መሬቱን ሳይነካ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ በመያዣነት ይሰጣል። አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ፓርኪን በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ በጊሪያማ አገር የኮኮናት ዛፍ እየገዙ ሀብት ያካበቱ ጎልማሶችን ታሪክ ጽፏል። ሽያጩ በቃል ስለነበር ነገ ጠብ ቢነሳ የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ባለጠጋ መሆን የፈለገ ጎልማሳ ሽማግሌዎቹን ማክበር፣ ለቀብርና ለሠርግ እጁን መዘርጋት ግዴታው ነበር። ሀብቱን የሚጠብቅለት የሰው ምስክርነት ነው። ነገር ግን ኮኮናት ለአሥርት ዓመታት የሚያፈራ ዛፍ ነው፤ የተከለውም ሰው ከመሬቱ በቀላሉ አይነቀልም። ስለዚህም ባለ ወረቀቱ ባለመሬት ሰፋሪውን በቆሎና ካሳቫ ዝራ፣ ዛፍ ግን አትትከል ይለዋል።

ቤትም እንደዚያው ነው። የመንደሩ ቤት ግድግዳው የማንግሮቭ እንጨት ተዋቅሮ ጭቃና የኮራል ድንጋይ ይሞላበታል፤ ጣሪያው ማኩቲ ይባላል፣ የኮኮናት ቅጠል በእንጨት ዘንግ ላይ ታጥፎ እየተሰፋ የሚሠራ ክዳን ነው። ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ሳይቀር ቤት ያለ መሬት ይሸጣል፤ ገዢው የቤቱ ጌታ ይሆንና ለመሬቱ ባለቤት ኪራይ ይከፍላል። እኛ አገር ቤቱ የእኔ፣ መሬቱ የመንግሥት እንላለን። እዚያ ግን መሬቱ የግለሰብ ነውና ባለቤቱ አንድ ቀን ልቀቁ ሊል ይችላል። ሞምባሳ ሊኮኒ ውስጥ 930 ኤከር ስፋት ያለውን፣ ሰፋሪዎች የሚኖሩበትን የዋይቲኪ እርሻ መንግሥት በ1.1 ቢሊዮን ሽልንግ ገዝቶ በ2016 ለነዋሪዎቹ የባለቤትነት ወረቀት አደለ። እያንዳንዱ 182 ሺህ ሽልንግ ይክፈል መባሉ ግን ብዙዎችን አስቆጣ፤ የኖሩበትን መሬት መልሰው መግዛት ሆነባቸው። እኔም የእነሱ ቁጣ ትክክል ይመስለኛል።

ባሕሩስ? በ2010ሩ ሕገ መንግሥት ውኃው ሲሞላ ከሚደርስበትና ሲጎድል ከሚያፈገፍግበት መካከል ያለው አሸዋ የሕዝብ ነው፤ ሆቴል ሊያጥረው አይችልም። ዓሣ አጥማጁ ግን ብዙ ጊዜ ጀልባውም መረቡም የራሱ አይደለም። ታጂሪ የሚሉት ባለገንዘብ ጀልባና መረብ ያቀርባል፣ ዓሣውንም ራሱ ይረከባል። ትንንሹን ዓሣ ማማ ካራንጋ የሚባሉ ሴቶች ገዝተው፣ ጠብሰው መንደር ለመንደር ይሸጡታል። ኪሊፊ አጠገብ ያለችው የኩሩዊቱ መንደር ሕዝብ ዓሣው ሲመናመን በ2005 ሠላሳ ሄክታር ባሕር ላይ ማጥመድ ከለከለ፤ ዓሣውም ተመለሰ። በኢንዶኔዥያ ማሉኩ ደሴቶች ሳሲ የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አለ፤ መንደሩ ባሕሩን ለጊዜው ይዘጋና ጊዜው ሲደርስ ይከፍተዋል።

በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ላሙ ደግሞ እኛንም ትመለከታለች። መጋቢት 2012 የላሙ ወደብ ሥራ ሲጀመር ከኬንያው ፕሬዚዳንት ኪባኪና ከደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር ጋር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ተገኝተው ነበር፤ ወደቡ ለኢትዮጵያ ጭምር ታስቦ ነው የተቆፈረው። ቁፋሮው የማጥመጃ ቦታቸውን የነጠቃቸው ከ4,600 በላይ ዓሣ አጥማጆች ግን ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ ፈረደላቸው። ለባሕሩ የባለቤትነት ወረቀት ያልነበራቸው ሰዎች ከአባቶቻቸው በወረሱት የማጥመድ መብት ተከራክረው መርታታቸው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ዜና ነው።

እንግዲህ ዳርቻው ላይ ቦታ ልግዛ የምትሉ ወዳጆቼ፣ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። የኬንያ ዜግነት የሌለው ሰው መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ነው፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት፤ «ለዘለዓለም የእናንተ ነው» የሚላችሁን ደላላ አትመኑ። የመሬቱን መዝገብ ካስፈተሻችሁ በኋላም ገንዘብ ሳትከፍሉ ወደ መንደሩ ውረዱና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፦ እዚህ መሬት ላይ የሚኖረው ማን ነው? ዛፎቹንስ የተከለው ማን ነው?