ዶላር ይያዝ ወይስ የአገሩ ገንዘብ?

ከስማዳ ወገዳ አንዲት እናት የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ለልጃቸው የሳዑዲ ቪዛ ወጥቶላታል። ነፋስ መውጫ ያለው አጎቷ «ሪያል ገዝታ ትሂድ» ይላል፤ አዲስ አበባ ያለችው አክስቷ «ከዶላር ሌላ እንዳትይዝ» ትላለች። እናትየው መሐል ላይ ሆነው ቸግሯቸዋል። ይህን ጥያቄ ከእስቴም ከታች ጋይንትም ደጋግማችሁ ስለምትልኩልኝ፣ ለእሳቸው የመለስኩትን ዘርዘር አድርጌ ለሁላችሁም እዚህ ቻናል ላይ ጽፌዋለሁ።

የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው፤ እስካሁንም ያው ነው። የኤምሬትስ ድርሃምም እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ 3.6725 ላይ ቆሟል። የዮርዳኖስ ዲናርና የጅቡቲ ፍራንክም እንደዚሁ የታሰሩ ናቸው። ወደ እነዚህ አገሮች የሚሄድ ሰው ዶላር ያዘ የአገሩን ገንዘብ ያዘ፣ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ዋጋ አይወርድበትም። የሚጎድልበት ሲመነዝር ነው። ከብር ወደ ዶላር፣ ከዶላር ወደ ሪያል የሄደ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ባንክ ስትሄዱ የሪያሉን መሸጫ ዋጋ በ3.75 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር ከዶላሩ መሸጫ እምብዛም ካልበለጠ ሪያሉን ግዙ። ከበለጠ፣ ወይም ባንኩ ሪያል ከሌለው፣ ዶላር ይዛችሁ ሂዱ።

ዶላር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሁሉንም አትመንዝሩ። ዱባይ ላይ ያለውን ሂሳብ እንይ። 500 ዶላር በትክክለኛው ዋጋ 1,836 ድርሃም ነው። ማረፊያው ውስጥ ያለ መስኮት አንዱን ዶላር በ3.45 ከተቀበላችሁ 1,725 ትይዛላችሁ፤ 111 ድርሃም እዚያው መስኮት ላይ ቀረ ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ እናንተን የሚመለከታችሁ ዶላር የሚገዙበት ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አነስተኛው ቁጥር ነው። ለታክሲና ለስልክ የሚሆን ትንሽ መንዝሩ፤ የቀረውን ከተማ ገብታችሁ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ።

የእኛ ሰው ግን ሁሉም ዓረብ አገር አይሄድም። ከጋይንትና ከስማዳ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ከሚወርደው ወጣት መካከል ገላባትን ተሻግሮ ሱዳን የሚሠራም አለ። የሱዳን ፓውንድ ከምንም ጋር አልታሰረም። የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ 55 ፓውንድ የነበረውን የዶላር ዋጋ በአንድ ቀን 375 አደረገው፤ ጥቁር ገበያው ቀድሞ እዚያው ደርሶ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህማ ፓውንዱ ተንኮታኩቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊቱ በያዛቸው አካባቢዎች የ500 እና የ1,000 ፓውንድ ኖቶች ተቀየሩ። አሮጌውን ኖት በፌስታል ጠቅልሎ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ላስቀመጠ ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እንዲህ ባለ አገር የአገሩ ገንዘብ የሳምንት ቀለብ ብቻ ይሁን፤ የተረፈው ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላ ይቀየር።

አሁን ከሁሉም ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ ወደምፈልገው ልግባ። ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ስንሄድ ስለምንይዘው ሁለትና ሦስት መቶ ዶላር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚከፈለን ደመወዝ በምን ገንዘብ እንደሆነ ግን ውሉን ገልጠን አንጠይቅም። ቤይሩት የሆነውን አስታውሱ። የሊባኖስ ሊራ ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ዶላር በ1,507.5 ታስሮ ኖሯል። በሱቁም በቤቱም ዶላርና ሊራ ጎን ለጎን ይሠራባቸው ስለነበር፣ እህቶቻችን «200 ዶላር» ሲባሉ ዶላርም ቢሰጣቸው ሊራም ቢሰጣቸው ለውጥ አልነበረውም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀውሱ መጣ። ባንኮች ዶላር መስጠት አቆሙ፤ አሠሪዎችም በሊራ፣ ያውም በአሮጌው ሂሳብ መክፈል ጀመሩ። 200 ዶላር በአሮጌው ሂሳብ 301,500 ሊራ ነው። በዚያ ክረምት ገበያ ላይ አንድ ዶላር 8,000 ሊራ ደርሶ ነበርና፣ አንዷ ወደ አገር ቤት ልትልከው ስትል ያ ደመወዝ 37 ዶላር ከምናምን ሆነ። ሥራው አልቀነሰም፣ ሌሊቱ አልቀነሰም፤ ደመወዙ ግን አምስት እጅ አነሰ። ጭራሽ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ከእነዚያ ሴቶች መካከል የእኛ አካባቢ ልጆች አልነበሩም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሊራው ከዚያም ወርዶ ዛሬ አንዱ ዶላር 89,500 ገደማ ነው።

ስለዚህ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ኤጀንሲውን ጠይቁት። ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ ነው? በሌላ ገንዘብ ከተከፈለስ በየትኛው ቀን ዋጋ ይታሰባል? መልሱ በአፍ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ይስፈር። ሳዑዲ ከሆነ ሪያልም ቢጻፍ አያሰጋም፤ 1,000 ሪያል ሁልጊዜ 266 ዶላር ከምናምን ነው። ሊባኖስ ከሆነ ግን «ዶላር፣ በጥሬው» የሚል መጻፍ አለበት። «ይህን ያህል ብር ታገኛለሽ» ብሎ የሚያባብል ደላላ ካጋጠማችሁ ደግሞ ወዲያው ተጠራጠሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 አልፎ፣ ወር ሳይሞላ 100 ተሻገረ። ደመወዟን በብር ለተዋዋለች ልጅ ጭማሪው ሁሉ የደላላው ሆነ ማለት ነው።

ዶላር ሁሉ ደግሞ እኩል ተቀባይነት የለውም። በአሜሪካ ሕግ አሮጌውም አዲሱም እኩል ነው፤ ምንዛሪ ቤት ግን ሌላ ነው። ትንሽ ጭንቅላት ያለበትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 በፊት የታተመ ባለ መቶ ኖት ብዙዎቹ አይቀበሉም፣ ወይም ዋጋ ይቀንሱበታል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው መሐሉ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ አለው፤ ብርሃን ላይ ዘንበል ስታደርጉት በጥብጣቡ ላይ ያሉት ደወሎች ወደ 100 ቁጥር ይለወጣሉ። እስክሪብቶ የነካው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ጠርዙ የተቀደደ ኖት ባንኩ ሲሰጣችሁ እዚያው መልሱት። ይህ መምረጥ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን በጋይንት፣ በጨጨሆ በር እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ከባሕር በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፓውንድ ይዞ አልገባም። የአገሬው ሰው የሚቀበለው የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ብቻ ስለነበር ቪየና ላይ አስመትቶ ነው የመጣው። ገበሬውም ገብሱን ከመስጠቱ በፊት በንግሥቲቱ ዘውድና ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቆጥሮ፣ ያልጠራውን ይመልስ ነበር።

ዶላሩን ከባንክ ግዙ፤ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠየቃል። ቅርንጫፉ ጥሬ ዶላር ላይኖረው ስለሚችል ቀድማችሁ ደውሉ። ደረሰኙንም ኬላ ላይ ስለምትጠየቁ ከፓስፖርታችሁ አትለዩት። ብር ግን ከመጠን በላይ ይዛችሁ አትውጡ፤ በሕግ ገደብ አለው፣ ከገላባትና ከመሰል የድንበር ገበያ ወዲያም የሚቀበለው የለም። ዓረብ አገር የምትኖሩ ደግሞ ቁጠባችሁን ሁሉ ወደ ብር ቀይራችሁ አታስቀምጡ፤ ባንኮቻችን የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይከፍታሉ፣ ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህም ከውጭ የሚላክላቸው ነዋሪዎች ይህንኑ መክፈት ይችላሉ።

የዶላር ካርድ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ጠብቁ። የዱባይ ወይም የኢስታንቡል ኤቲኤም ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት «በዶላር ይቆረጥ ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃል። ዶላሩ የምታውቁት ስለሆነ እጃችሁ ወደዚያ ይሄዳል። እሱን ስትነኩ ግን ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሦስት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጨምርበታል። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ሱቅ ውስጥም እንደዚሁ ነው።

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የምትሄዱ አባቶችና እናቶች፣ የእስራኤሉ ሰቀል እንደ ሪያሉ አልታሰረም፤ ከፍም ዝቅም ይላል። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ግን ይህ አያሳስባችሁ። ዶላራችሁን በትንሽ በትንሹ ከሆቴል ውጭ መንዝሩ። ወደ አገር ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ሳንቲሙን ለጧፍ ወይም ለውኃ አውጡት፤ የተረፈ ወረቀት ሰቀል ወደ ዶላር ይመለሳል፣ ሳንቲም ግን የትኛውም ምንዛሪ ቤት አይቀበልም።