የአረሙ ዘር ከመከር በኋላ ወዴት ይሄዳል?

ስለ አረም ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ክረምቱን ነው፤ ጎንበስ ብሎ በጭቃ ውስጥ መንቀሉን። መከር ሲደርስ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ዳሩ ግን ከአራሚው እጅ ያመለጠው እንክርዳድ ከስንዴው ጋር አብሮ ደርሶ አብሮ ይታጨዳል። ከዚያስ? በዚህ ዕትም ልናስረዳ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ማጭድ ስንዴና አረም አይለይም። ነዶው ይከመራል፣ አውድማ ላይ በበሬ ይበራያል፣ በመንሽና በላይዳ ለነፋስ ይሰጣል። ከባዱ ፍሬ እዚያው ሲወድቅ ቀላሉ ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ከስንዴው ጋር የቀረው እንክርዳድ በወንፊትና በሰፌድ ካልተለየ ከዘሩ ጋር ጎተራ ይገባል፤ ከተፈጨም የበላውን ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ እንደ ሰከረ ያደርገዋል። እብቁን ከብት ይበላዋል፤ ከአረሙ ዘር አንዳንዱ በሆድ ውስጥ ሳይሞት ያልፍና በፍግ አማካይነት ማሳው ላይ ይመለሳል። እንግዲህ አረሙን ማን ዘራው? ጠላት አይደለም፣ ባለቤቱ ራሱ ነው።

እንደ አርሲና ባሌ ባሉት የስንዴ አገሮች ኮምባይነር ሲገባ ነገሩ ይብሳል። በአንድ አውድማ ይከማች የነበረውን እብቅ መኪናው ከኋላው እየበተነ ይሄዳል። በሆዱ የቀረውንም ወደ ጎረቤት ማሳ ይዞ ይሻገራል። ኧረ እንዲያውም ከሰው የተሻለ ዘሪ ነው!

ይህን ችግር አጥብቀው የተጋፈጡት የምዕራብ አውስትራሊያ ገበሬዎች ናቸው። የእነሱ ዋና ጠላት የእንክርዳዳችን የቅርብ ዘመድ የሆነ ሣር ሲሆን፣ ብዙ ዓይነት የአረም መድኃኒት ለምዶ አልሞት አላቸው። ነገር ግን አንድ ድካም ተገኘበት። ስንዴው ለአጨዳ ሲደርስ ከዘሩ አብዛኛው ገና ሳይረግፍ በራሱ ላይ ነው። ስለሆነም ዝቅ አድርገው ማጨድ፣ እብቁን በጋሪ መሰብሰብ፣ ወይም በጠባብ መስመር አስተኝተው ማቃጠል ጀመሩ። ሬይ ሃሪንግተን የተባለ የዳርካን ገበሬ ደግሞ እብቁን እየፈጨ ዘሩን የሚገድል መኪና ሠራ፤ ይኸው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ቀረበ። በሙከራ ከገባለት ዘር ከመቶ ከዘጠና የሚበልጠውን ይገድላል ተብሏል።

ታዲያ ለእኛ የቱ ይሆናል? ማቃጠሉ አይመስለንም። ጭድ እኛ ዘንድ የከብት ቀለብና የቤት ምርጊት ነው፤ ማን ያቃጥለዋል? መድኃኒትም ቢሆን ሁሉን አይፈታም፤ የለመድነው ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፋፊውን ይገድላል እንጂ እንደ ሲናርና አሰንዳቦ ያሉትን ሣር መሰሎች አይነካም። የሚቻለው አጨዳውን አለማዘግየት ነው፤ በተለይ የሲናር ፍሬ ቶሎ ስለሚረግፍ በየቀኑ የሚያመልጠው ይበዛል። አውድማውን ከማሳው አርቆ መለቅለቅና ዙሪያውን ጠርጎ መሰብሰብ፣ ኮምባይነሩን ወደ ማሳ ከማስገባት በፊት ማስጠረግ፣ ከወንፊት የወጣውንም ግርድ ቀቅሎ ለዶሮ መስጠት ይቻላል። ፍግ ደግሞ በደንብ ተቆልሎ ሲግል ከዘሩ ብዙው ይሞታል፤ ጥሬውን መበተኑ ነው ጥፋቱ።

ይህን ስንል እኛም ንጹሕ አይደለንም። ባለፈው ዓመት የሠርቶ ማሳያ መደባችንን እብቅ በአጥሩ ሥር ደፋነው። ዘንድሮ እንክርዳዱ በዚያው መስመር ተሰልፎ በቀለ፤ ሁለት ቅዳሜ ስንነቅል ዋልን።

ወደየትምህርት ቤቱ ለልምምድ የምትሄዱ ዕጩ መምህራን አንድ ነገር ሞክሩ። ከአንድ አውድማ እፍኝ እብቅ አምጡ። በጣሳ አፈር ላይ በትኑት፣ በላዩ ስስ አፈር አልብሱትና ውሃ አጠጡት። ሌላ ጣሳ አፈሩን ብቻ ይዞ በአጠገቡ ይቀመጥ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ልጆቹ በሁለቱም የበቀለውን ይቁጠሩና ልዩነቱን በሰሌዳው ላይ ይጻፉት። ከዚያ ቤታቸው ሲገቡ እብቁ የት እንደሚደፋ አባታቸውን ይጠይቁ።