ከሺህ አንድ ቢበላሽ ምን አለበት?

አንድ ፋብሪካ ካመረታቸው ሺህ ዕቃዎች 999ኙ እንከን የለሽ ከሆኑ ባለቤቱ ቢኮራ አይፈረድበትም። በብዙ የንግድ ዘርፍ ይህ ውጤት ያስመሰግናል። ለመኪና አምራች ዕቃ ለሚያቀርብ ድርጅት ግን ገበያ ያሳጣል። ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ቶዮታ እንደሚገልጸው አንድ መኪና እስከ ትንሿ ብሎን ድረስ ሲቆጠር 30 ሺህ ያህል ክፍሎች አሉት። ከእያንዳንዱ ክፍል ከሺህ አንዱ ብልሹ ቢሆን፣ ከመገጣጠሚያው የምትወጣ እያንዳንዷ መኪና በአማካይ 30 ብልሹ ክፍሎች ይዛ ትወጣለች። በዘርፉ ጥራት የሚለካው ከመቶ ሳይሆን ከሚሊዮን ስንት ተበላሸ ተብሎ የሆነውም ለዚህ ነው። ብልሽቱ ከሚሊዮን አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ከ100 መኪኖች ሦስት ያህሉ እንከን አያጡም።

ሂሳቡን ይበልጥ የሚያከብደው፣ አብዛኞቹን ክፍሎች የሚያመርተው በመኪናው ግንባር ላይ ስሙ የተለጠፈው ኩባንያ አለመሆኑ ነው። ፍሬኑ፣ መሪው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና ወንበሩ የሚመጡት ከአቅራቢዎች ነው። እነሱም በተራቸው ከሌሎች አነስተኛ ድርጅቶች ይገዛሉ። ስለዚህ አንድ የመኪና ብራንድ ተወዳዳሪ ነው ስንል፣ ተወዳዳሪ የሆነው ከጀርባው ያለው የአቅራቢዎች ሰንሰለት ነው ማለታችን ነው። ይህ ሰንሰለት ደግሞ የሚጠነክረው ገዢው አቅራቢውን እንደ አጋር ሲያሳድገው እንጂ በየዓመቱ ጨረታ እያወጣ ዋጋ ሲያስቀንሰው አይደለም።

ለዚህ የጃፓኑ የመኪና ዕቃ አምራች ዴንሶ ጥሩ ማሳያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተነጥሎ ራሱን ችሎ ቆመ። በ1961 በአገሩ ትልቅ ክብር ያለውን የዴሚንግ የጥራት ሽልማት አገኘ። ዋና ደንበኛው ቶዮታ ይህንኑ ሽልማት የወሰደው ከአራት ዓመት በኋላ በ1965 ነው። አቅራቢው ከገዢው ቀድሞ ተሸለመ ማለት ነው።

የዴንሶ ትልቅ ፈጠራም የመጣው ከዕለት ተዕለት የፋብሪካ ችግር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዴንሶ ሠራተኞች በአንድ ሣጥን ላይ የተለጠፉ በርካታ ባርኮዶችን አንድ በአንድ ማንበብ ነበረባቸው። አንድ ባርኮድ የሚይዘው 20 ያህል ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ስለነበር ሥራው ያደክማል፣ ጊዜም ይበላል። መሐንዲሱ ማሳሂሮ ሃራ ከአነስተኛ ቡድን ጋር ሆኖ በ1994 መፍትሔውን አቀረበ፤ በአንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ከ7 ሺህ በላይ አሃዞች የሚይዝ ምልክት። ዛሬ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሂሳብ ለመክፈል በስልካችን የምናነበው ኪውአር ኮድ ይኸው ነው። የተፈጠረው የመኪና ዕቃ በትክክል ለመከታተል ነበር። ነገ ኮንትራቱ ይነጠቅብኝ ይሆን እያለ የሚሰጋ አቅራቢ እንዲህ ላለ ምርምር ሰውና ገንዘብ አይመድብም።

ቶዮታ ከአቅራቢዎቹ ጋር ያለው አጋርነት የተፈተነው ደግሞ ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ነው። በጃፓኗ ካሪያ ከተማ የሚገኘው የአቅራቢው የአይሲን ፋብሪካ በእሳት ወደመ። አይሲን የኋላ ፍሬንን ግፊት የሚመጥን አንድ ትንሽ ቫልቭ ያመርት ነበር፤ ቶዮታ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚገዛው ከእሱ ነበር። ዕቃ በመጋዘን ማከማቸት የቶዮታ ልማድ ስላልሆነ የመገጣጠሚያ መስመሮቹ በቀናት ውስጥ ቆሙ። በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በግልጽ ታየ። ሆኖም አይሲን ንድፉን ለሌሎች ሰጠ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ድርጅቶችም ያላቸውን ማሽን እያስተካከሉ ቫልቩን ማምረት ጀመሩ። የመኪና ዕቃ ሠርቶ የማያውቀው የልብስ ስፌት መኪና አምራቹ ብራዘር ሳይቀር ተሳተፈ። ቶዮታ በሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዋጋና ውል ላይ ሲከራከሩ ቢከርሙ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ተቃራኒውን መንገድ ጄኔራል ሞተርስ ሞክሮታል። በ1992 የግዥ ኃላፊ የሆነው ሆሴ ኢግናሲዮ ሎፔዝ የተፈረሙ ኮንትራቶችን እንደገና ለውድድር ከፍቶ ከአቅራቢዎች ከባድ የዋጋ ቅናሽ ጠየቀ። ኩባንያው ከፍተኛ ወጪ ቆጠበ፤ ሰውየውም በ1993 ወደ ቮልስዋገን ሄደ። ጄኔራል ሞተርስ ግን ከአቅራቢዎቹ ጋር የነበረውን መተማመን ለረጅም ጊዜ አጣ። አቅራቢ በማያምነው ገዢ ፊት አዲስ ሐሳቡን አያወጣም፤ ቀድሞ የሚያሳየው ለሚያምነው ነው።

መተማመን ብቻውን ግን ጥራት አይሆንም። የኤርባግ አምራቹ ታካታ የሆንዳ የረጅም ጊዜ አጋር ነበር። ኤርባጉን ለሚነፋው መሣሪያ አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ርካሽ ኬሚካል መረጠ። ኬሚካሉ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ከዓመታት በኋላ ባሕርዩ ስለሚለወጥ መሣሪያው ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይረጫል። ሕይወት የሚያድነው ዕቃ ከ25 በላይ ሰዎችን ገደለ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል መሣሪያዎች እንዲቀየሩ ታዘዘ። ታካታ የፍተሻ ውጤቶችን ማጭበርበሩን በ2017 አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ በዚያው ዓመት ሰኔም ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። በአንድ ዕቃ ላይ የተቆጠበችው ጥቂት ገንዘብ አንድን ታላቅ ኩባንያ አፈረሰች። ገዢዎቹም ቢሆኑ ከተጠያቂነት አያመልጡም፤ የአቅራቢውን ወረቀት አምነው ዕቃውን ራሳቸው በጊዜ አልፈተሹም።

ይህ ሁሉ ለእኛም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን ካሳወቀች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠም መነጋገሪያ ሆኗል። የጃፓኑን ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ የሚያስፋፋው የካይዘን ተቋምም ከተመሠረተ ከአስር ዓመት በላይ አልፎታል። ተበትኖ የመጣ መኪና መገጣጠም የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ሙያና እሴት የሚከማቸው ግን ወንበሩን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንና የፍሬን ሸራውን በሚሠሩት ዘንድ ነው።

ስለዚህ መንግሥት ለገጣጣሚዎች ማበረታቻ ሲሰጥ የአገር ውስጥ ዕቃ በመቶኛ ይህን ያህል ይሁን በማለት ብቻ መወሰን የለበትም። ገጣጣሚው ከአገር ውስጥ አቅራቢ ጋር የብዙ ዓመት ውል እንዲፈርም፣ መሐንዲሶቹን ወደ አቅራቢው ፋብሪካ እንዲልክና ብልሽትን ከሚሊዮን እየቆጠረ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ይቻላል። ፍሬንና ኤርባግን የመሰሉ ሕይወት ነክ ዕቃዎችን ደግሞ ከሻጩም ከገዢውም ነጻ የሆነ ላቦራቶሪ ሊፈትሻቸው ይገባል። ባለሀብቶቻችንም ትርፍ ከመገጣጠሙ ብቻ እንደማይገኝ ቢረዱ መልካም ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ መርጦ ለዓመታት እሱኑ ማሻሻል ዴንሶንና አይሲንን ያህል ግዙፍ ድርጅት ሊወልድ ይችላል። ይህን ከወዲሁ ካልጀመርን የኤሌክትሪክ መኪናው ዘመንም እንደ ነዳጁ ዘመን መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ስንሸምት ያልፋል።