ባለቤቴ አሠልጣኝ ሊሆን ነው… እኔ ግን ፈርቻለሁ!

ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። የጻፈችው የሁለት ልጆች እናት ናት። የእሷንም፣ የባሏንም፣ የክለቡንም ስም እንዳናወጣ አደራ ብላናለች። አደራዋን እንጠብቃለን። በዚህ ዓምድ እንደተለመደው ከታች የምናነሳቸውን ሌሎች ሰዎችም በስም አንጠራም። የኳስ ነገር የሚገባችሁ አንባቢያን ግን ማን ማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙም አትቸገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ በጉብዝናው ዘመን ካታንጋ ስሙን እየጠራ የሚዘፍንለት አጥቂ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ኳስ አቆመ። ዛሬ በአንድ ድርጅት ቋሚ ሥራ አለው፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ደግሞ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ ያጫውታል። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም ወሩን ጠብቆ ይመጣል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ይሸፍናል። ታዲያ በቅርቡ የቀድሞ ክለቡ የኮሚቴ ሰዎች ቤቱ ድረስ መጡ። ክለቡ ለመውረድ አፋፍ ላይ ነው፤ አሠልጣኙ ተባሯል። «ልጃችን፣ ካንተ ሌላ ማን አለን?» አሉት። ቡና ተፈላ፣ ተጨዋወቱ፣ ሄዱ። እሱ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። በማግስቱ የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ጻፈ። ገና አላስገባውም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«እኔ ኳስ አላውቅም» ትላለች ጸሐፊዋ። «ሰው ግን አውቃለሁ። ያ ሲዘፍንለት የነበረ ሕዝብ፣ ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ በእናቱ ሲሰድበው ከወዲሁ ይታየኛል። ትልቁ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አባቱን እንደ ንጉሥ ነው የሚያየው። ያለን ሀብት ይኼው ስሙ ብቻ ነው። ልከልክለው ወይስ ልተወው? አፌን ስከፍት ‹አንቺ በእኔ እምነት የለሽም› ይለኛል።»

እህታችን፣ ከመሬት ተነስተሽ አልፈራሽም። እስቲ መጀመሪያ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ እናውጋሽ። የሀገር ቤቱን ካልጠቀስን በስተቀር ዘመኑን የምንቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ወንድማማቾቹ ከሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት አካባቢ የወጡ የማዕድን ሠራተኛ ልጆች ናቸው። ታናሽየው ገና በልጅነቱ «ይኼስ ልዩ ነው» ተብሎ ማንቸስተር ዩናይትድ ወሰደው። ታላቅየው ደግሞ አንገተ ረጅም፣ ጠብ የማይፈራ ተከላካይ ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድን የተጠራው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። በ1966 ሁለቱም አብረው የዓለም ዋንጫን አነሱ። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኮከብ ተብሎ የወርቅ ኳስ የተሸለመው ግን ታናሽየው ነው። ለሀገሩ 49 ጎል አግብቶ፣ ክብረ ወሰኑ በእንግሊዝ እስከ 2015 ድረስ ሳይሰበር ቆየ። ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰው አልነበረም። ታላቅየው ራሱም አይከራከርም!

በ1973 ሁለቱም መጫወት አቆሙ፤ በዚያው ዓመት ሁለቱም አሠልጣኝ ሆኑ። የሚገርመው ደግሞ፣ የያዟቸው ክለቦች በአንድ ሊግ፣ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወቱ ነበሩ። ታናሽየው ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድን ያዘ፣ ታላቅየው ሚድልስብሮን። ዓመቱ ሲያልቅ ምን ሆነ መሰለሽ? ታላቅየው ሻምፒዮን ሆነ። ያውም ማሸነፍ ሁለት ነጥብ ብቻ በሚያስገኝበት ዘመን፣ ሁለተኛ የወጣውን በ15 ነጥብ በልጦ! የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝም ተባለ። የታናሽየው ክለብ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ።

ታናሽየው አላስችለው ሲል በሚቀጥለው ዓመት አውልቆት የነበረውን ታኬታ እንደገና አጠለቀና ራሱ ሜዳ ገባ። አሠልጣኝም ተጫዋችም ሆነ ማለት ነው። ጎልም አገባ እኮ! ጎል ማግባት መቼ ጠፋው? በ1975 ግን የክለቡ ሹማምንት እሱ የማይፈልገውን የተጫዋች ሽያጭ ሲፈጽሙ ተጣልቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቋሚ አሠልጣኝ ሆኖ አልሠራም። ታላቅየው የአየርላንድን ብሔራዊ ቡድን ይዞ በ1990 የዓለም ዋንጫ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን ያህል ለምን ተለያዩ? ታላቅየው ገና ተጫዋች ሳለ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን የሚሰጠውን የአሠልጣኝነት ኮርስ ይከታተል ነበር። ጓደኞቹ ሲዝናኑ እሱ ማስታወሻ ይዞ ይማራል። እኛ እንደሚመስለን ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ታላቅየው ኳስን ያወቀው ታግሎ ነው። የቱ ጋ እንደተሳሳተ፣ የቱ ጋ እንደታረመ ያስታውሳል፤ ስለዚህ ለሌላው ማስረዳት ይችላል። ታናሽየው ግን ኳሷ ከእግሩ የምትወጣው እንደ ትንፋሽ ነው። እንዴት እንደምትተነፍሺ ለሰው አስረጂ ብትባዪ ምን ትያለሽ?

የእናትሽን ዶሮ ወጥ አስቢው። «በርበሬው ስንት ማንኪያ ይሁን?» ብለሽ ብትጠይቂያት «ኧረ በዓይን ነው ልጄ» ትልሻለች። ወጡ ይጣፍጣል፤ ከእሷ መማር ግን መከራ ነው። በሲኒ እየለካች፣ እያሳረረች የተማረችው ጎረቤት ግን በሳምንት ታስይዝሻለች። ኮከብ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ ኳስ ማቆም ሲያቅተው፣ አሠልጣኙ «ይኼ እንዴት ያቅትሃል?» ይላል። ልጁ ይሸማቀቃል። ከዚያ አሠልጣኙ ማሊያ ለብሶ ይገባና ሲያሳይ ሁሉም ያጨበጭባል፤ የተማረ ግን የለም።

እንግዲህ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ አንቺን የሚመለከተው፣ የጥሪው ሰዓት ነው። ለመሆኑ ኮከብ የሚጠራው መቼ ነው? ቤት ሲቃጠል! በኒውካስል የሆነውን እዪ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 260 ጎል ያገባ፣ በከተማው እንደ ታቦት የሚከበር አጥቂ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቴሌቪዥን ላይ እየተነተነ በሰላም ሲኖር፣ በ2009 ስምንት ጨዋታ ሲቀር «ድረስልን» አሉት። ደረሰ። ከስምንቱ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው፤ ክለቡ ወረደ። እሱም ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ክለብ አልያዘም። ሞናኮም በ2018 ያሳደገችውን የፈረንሳይ አጥቂ፣ የዓለም ሻምፒዮኑን፣ ከግርጌ ሦስተኛ ሆና ጠራችው። ሃያ ጨዋታ መራ፣ አራት አሸነፈ፣ ሦስት ወር ከምናምን ቆይቶ በጥር ተሸኘ።

የበርሚንግሃም ሲቲ ደግሞ የባሰ ነው። እዚያ ቤቱ አልተቃጠለም ነበር። በ2023 ክለቡ ስድስተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ደህና እየሄደ ሳለ አሠልጣኙን አባረውት በማንቸስተር ዩናይትድ ስሙ የገነነውን አጥቂ አመጡ። ስም ፈልገው ነዋ! በ15 ጨዋታ ሁለት ብቻ አሸነፈ። ሲባረር ክለቡ 20ኛ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወረደ።

ስለ ቫሌንሲያ ባጭሩ እንለፍ። ስለ ታክቲክ ሲናገር ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያዳምጠው የቴሌቪዥን ተንታኝ፣ የቀድሞ የማንቸስተር ዩናይትድ ተከላካይ፣ በታኅሣሥ 2015 ቋንቋውን ወደማያውቅበት ሀገር ሄዶ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ባርሴሎና 7 ለ 0 ሸኘው። ሳይነጋገሩ ምን ይታዘዛል?

አሁን «ታዲያ ባሌ አይችልም ማለታችሁ ነው?» ትዪን ይሆናል። አላልንም። የፈረንሳዩን መላጣ ኮከብ ውሰጂ። የሪያል ማድሪድ አሠልጣኝ ሆኖ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ተከታትሎ ወሰደ። ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው፤ የማያስታውሰው ግን መጫወት ካቆመ በኋላ ወደ አሥር ዓመት ገደማ መቆየቱን ነው። በመካከሉ ለአንድ ጣሊያናዊ አሠልጣኝ ረዳት ሆኖ ኮን ተሸክሟል፤ ከዚያም የክለቡን ሁለተኛ ቡድን፣ ተመልካች በማይሞላበት ሜዳ፣ አሠልጥኗል። ያን ሁሉ ዝና ይዞ! የባርሴሎናው ካታላንም ዋናውን ቡድን በ2008 ከመያዙ በፊት፣ ሁለተኛውን ቡድን በአራተኛው ዲቪዚዮን ይዞ ነው የጀመረው።

በእኛም ሀገር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካ ዋንጫን ስናነሳ፣ በፍጻሜው ጎል ካገቡት አንዱ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ ኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቷል። ኮከብ አሠልጣኝ ይወጣዋል። ለነገሩ ሳይጀምር የጨረሰም አለ፤ ጀርመናዊው «ንጉሠ ነገሥት» የአሠልጣኝነት ወረቀት ሳይኖረው በ1984 ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ በ1990 የዓለም ዋንጫን አነሳ። እሱ ግን ተጫዋች ሳለም ከኋላ ሆኖ ቡድኑን የሚያዝ ሰው ነበር፤ ሥራውን ሜዳ ላይ እያለ ጀምሮታል። የአንቺው ባል ደግሞ አጥቂ ነበር። አጥቂ ኳስ ሲመጣለት የኖረ ሰው ነው።

በሌላ ወገን ኮከብነት የግድ እንዳልሆነ ለማየት፣ ሚላንን በ1989 እና በ1990 የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረገውን የጫማ ነጋዴ ልጅ አስቢው። በትልቅ ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም። ይህ ሲነሳበት፣ ፈረስ ጋላቢ ለመሆን መጀመሪያ ፈረስ መሆን አያስፈልግም የሚል መልስ መስጠቱ እስካሁን ይወራል።

ወደ ቤትሽ እንመለስ። እነዚያን የኮሚቴ ሰዎች በመልክ ባናውቃቸውም በጠባይ እናውቃቸዋለን። ክለብ ሊወርድ ሲል የደጋፊ ቁጣ የሚያርፈው ኮሚቴው ላይ ነው። ታዲያ አንድ የሚወደድ ሰው ከፊት ቢያቆሙ ቁጣው ለሁለት ወር ይበርዳል፤ እሱ ጃንጥላ ሆነላቸው ማለት ነው። ክለቡ ከወረደም የወረደው በእሱ እጅ ነው ይባላል። ይህን ለባልሽ ንገሪው፤ ግን «አትችልም» ብለሽ እንዳትጀምሪ! እሱን ቃል ከሰማ ነገውኑ ማመልከቻውን ያስገባል። ይልቅ «ለአንድ ጨዋታ ስንት ቀን ትለማመድ ነበር? ለዚህኛው ሥራስ ስንት ቀን ተለማመድክ?» በዪው። ኳስ ተጫዋች ይህ ይገባዋል።

ከኮሚቴው ጋር ሲነጋገርም «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ አይበል። ዘንድሮ ረዳት ሆኜ ልግባ፣ ወይም ወጣት ቡድኑን ስጡኝ ብሎ ይጠይቅ። የካፍ የአሠልጣኝነት ፈቃድ ከዲ ጀምሮ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ደረጃ በደረጃ የሚያወጣ ነውና በዚያው ኮርሱን ይጀምር። እንቢ ካሉት ጃንጥላ ፍለጋ መምጣታቸውን ያኔ ያውቀዋል። ዋና አሠልጣኝ ካልሆንኩ ብሎ ሙጭጭ ካለ ደግሞ፣ በቡና ላይ በተነገረ ቃል እንዳይገባ። ለስንት ወር እንደሆነ፣ ቢያሰናብቱት ምን እንደሚከፍሉት፣ ተጫዋች የሚያስፈርመውና የሚያሰናብተው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። የወርቅ ኳስ ተሸላሚውን ከፕሬስተን ያስወጣው ይኼ የመጨረሻው ነገር ነው። አጠገቡም ዝነኛ ያልሆነ፣ ሸምገል ያለ፣ «ተሳስተሃል» የሚለው ረዳት ይያዝ። የድሮ ጓደኞቹን አይሰብስብ፤ እነሱ የሚያወሩለት ስለዚያች ስላገባት ጎል ነው። ልምምድ ላይም እባክሽ፣ ማሊያ ለብሶ አይግባ።

መሥሪያ ቤቱን በተመለከተ፣ ከመልቀቂያው በፊት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጡት እንደሆነ አለቃውን ያነጋግር። እምቢ ቢሉት የከሰረው ነገር የለም።

የልጁን ነገር ለመጨረሻ ያቆየነው ከሁሉ የከበደን እሱ ስለሆነ ነው። አባትየው ሥራውን ከያዘ፣ ልጁን ቁጭ አድርጎ «ሰዎች ይሰድቡኝ ይሆናል፤ ስትሰማ እንዳትደነግጥ» ብሎ ራሱ ይንገረው። ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከእሱ። ለልጁ ይህን ማለት ካቃተው ግን፣ ማመልከቻው ለጊዜው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። የሆነውን ጻፊልን።