ከመሣሪያው በፊት መለኪያው
ሀካቶን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የአዊ ዞን ተማሪ

ሀካቶን ማለት ፕሮግራመሮች በቡድን ተቀምጠው፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ አንድን ችግር የሚፈታ ሶፍትዌር ለመሥራት የሚጣጣሩበት መሰባሰቢያ ነው። ስያሜው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ አሥር ያህል ፕሮግራመሮች የተገኙበት ስብሰባ ከመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ ይጠቀሳል።

በዚያው ዓመት እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ነገርም ተፈጽሟል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር አገኘ። ቁጥር ካገኙት መካከል አማርኛ የማይጠቀምበት «ጘ» ከነቤተሰቦቹ ይገኛል። አዊኛ ከላንቃ ጀርባ ተነሥቶ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የሚጽፈው በዚህ ፊደል ነው፤ የቋንቋው የራሱ ስም እንኳ «አውጚ» ተብሎ የሚጻፈው በእርሱ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ካካተታቸው ትምህርቶች አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ነው። እንግዲህ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የሚገኙ ወጣቶች ለትምህርት የሚረዳ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ለመሥራት ሀካቶን ቢያዘጋጁ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ሠርተው ቢነሡ ይበጃል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

የተማሪው ሦስት ቋንቋዎች

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የአዊ ዞን ሕዝብ 982,942 ነበር። ከመቶው 45 ያህሉ አፍ የፈታው በአዊኛ ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ በአማርኛ ነው። በአዊኛ አፉን የፈታ ሕፃን የመጀመሪያ ክፍሎችን በቋንቋው ይማራል፤ አማርኛን ይጨምራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ፊዚክስንና ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። በዚህ መንገድ ላይ በየጊዜው ጥያቄውን በገባው ቋንቋ የሚመልስለት ረዳት ቢያገኝ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አስቸጋሪው ነገር መሣሪያዎቹ ሦስቱን ቋንቋዎች እኩል አለማወቃቸው ነው።

ማሽኑ የሚማረው ከየት ነው?

እ.ኤ.አ. የ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለጆን ሆፕፊልድና ለጄፍሪ ሂንተን የተሰጠው ማሽኖች ከመረጃ እንዲማሩ ላስቻለው መሠረታዊ ሥራቸው ነው። በዚህ መሠረት ላይ የተገነቡት የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች በመሠረቱ የሚሠሩት ዕድልን በማስላት ነው። «ፀሐይ በምሥራቅ» ከሚለው ቀጥሎ «ትወጣለች» የሚለው ቃል የመምጣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን ሞዴሉ የሚያውቀው፣ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገሮችን እጅግ ብዙ ጊዜ ስላገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ጂፒቲ-3 የሠለጠነው 300 ቢሊዮን በሚያህሉ ቁርጥራጭ ቃላት ነው።

የእኛ ቋንቋዎች በዚህ ስሌት በሦስት በኩል ይጎዳሉ። አንደኛው የጽሑፍ ማነስ ነው። ሁለተኛው የቃላት አሠራር ነው፤ «ስላልመጣችላቸው» የሚለው አንድ ቃል ምክንያትን፣ አሉታን፣ ባለቤትንና ተቀባይን በአንድነት ይዟል። ስለዚህ አንዱ ግሥ በብዙ መልክ ይበተንና እያንዳንዱ መልክ ብርቅ ይሆናል። ሦስተኛው የፊደሉ አቀማመጥ ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ፊዚክስ» በአራት ፊደል 12 ባይት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ቃል በሰባት ፊደል 7 ባይት ብቻ ነው። በሥልጠናው ጊዜ ተደጋግመው የተገኙ ባይቶች ተጣምረው እንደ አንድ ቁራጭ ይቆጠራሉ፤ ብርቅዬዎቹ ግን ተበጣጥሰው ይቀራሉ።

ሜታ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ200 ቋንቋዎች ባወጣው የትርጉም ሞዴል ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይገኛሉ፤ አዊኛ ግን የለም። ፊደሉ ከ1999 ጀምሮ አድራሻ አለው፤ በአድራሻው የሚገኝ ጽሑፍ ግን ጥቂት ነው።

በሦስት ቀን የሚቻለው

ሠላሳ ተሳታፊዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት 10 ዓረፍተ ነገር በሦስቱ ቋንቋዎች አዛምደው ቢጽፉ፣ በስድስት ሰዓት 1,800 ይሆናል። ይህ ከ300 ቢሊዮን ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም፤ አዲስ ሞዴል ለማሠልጠን አይበቃም። ነገር ግን ለሌላ ሥራ ይበቃል። ሜታ የ200ዎቹን ቋንቋዎች ትርጉም የመዘነበት የፈተና ክፍል ለእያንዳንዱ ቋንቋ 1,012 ዓረፍተ ነገር ብቻ የያዘ ነው። በእንጅባራ የተጻፈውን በዳንግላ፣ በዳንግላ የተጻፈውንም በእንጅባራ የሚገኙ መምህራን በሁለተኛው ቀን ቢያርሙና ግማሹ እንኳ ቢወድቅ 900 ይቀራል። ይህም በቂ መለኪያ ነው።

ብዛቱ ለምን እንዳስፈለገ የፊዚክስ ተማሪ በቀላሉ ይረዳዋል። የአንድ ልኬት መዋዠቅ የሚቀንሰው በጥያቄዎቹ ቁጥር ዳግም ዘር ልክ ነው። ከጥያቄዎቹ ግማሹን የሚመልስ መሣሪያ በ25 ጥያቄ ቢፈተን ውጤቱ በ10 በመቶ ያህል ወደላይም ወደታችም ሊዋዥቅ ይችላል፤ በ900 ቢፈተን ግን መዋዠቁ ከ2 በመቶ በታች ይወርዳል። በሀካቶን ማብቂያ ላይ በመድረክ የሚቀርቡት አምስትና ስድስት የተመረጡ ጥያቄዎች የሚያስጨበጭቡ ቢሆኑም የሚያስረዱት ነገር የለም ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ቀን ቡድኖቹ አሁን ያሉትን መሣሪያዎች በዚህ መለኪያ ይፈትኑ፤ የት የት እንደሚሳሳቱም ይመዝግቡ። የፈተናውን ዓረፍተ ነገሮች ግን ከማሠልጠኛ ጽሑፍ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ተፈተነ አይባልምና። ማሠልጠኛው ለብቻው በጊዜ ሂደት ይሰበሰባል። በዚህ ረገድ አስመላሽ ተካ ሐድጉ ከባልደረቦቹ ጋር የመሠረተው «ልሳን» አርአያ ሊሆን ይችላል፤ ለአማርኛና ለትግርኛ የትርጉም ሥራው ከበይነ መረብ ውጭ ያለውን የታተመ ጽሑፍ ፊደል በሚለይ ሶፍትዌር ወደ ኮምፒዩተር አስገብቷልና።

ከዚህ የምንረዳው፣ በእንዲህ ያለ ሀካቶን ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ከፕሮግራመሩ እኩል ወንበር እንደሚያስፈልጋት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር አዊኛ መሆኑን፣ ሕፃኑም የሚረዳው መሆኑን የምትፈርደው እርሷ ናት።

መለኪያ ከሌለ በአዊኛ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ በሙሉ ልብ ሲናገር የሚያርመው አይኖርም፤ ስሕተቱም በሕፃኑ ደብተር ላይ ይቀራል። መለኪያው ካለ ግን ከየትም አገር የመጣ አዲስ ሞዴል በመጣበት ሳምንት እንጅባራ ላይ ሊፈተን ይችላል። ሽልማቱ ከተሰጠና ተሳታፊው ከተበተነ በኋላ ለመምህራኑ የሚቀርላቸው እነዚያ 900 ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።