ሐሳብ አልቆም ሲል፦ በ5 ደቂቃ ትንፋሽ አእምሮን ማረጋጋት

ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ነገ ፈተና አለ። መብራቱ ጠፍቷል፣ እንቅልፍ ግን የለም። "ብወድቅስ?" የሚለው ሐሳብ ይመላለሳል፣ ልብ ይደልቃል። እጅ ሳይታወቀው ስልክ ያነሳል። አንድ ቪዲዮ፣ ሌላ ቪዲዮ... 9 ሰዓት ሆነ! ታውቁታላችሁ አይደል? እኛም እናውቀዋለን።

ዛሬ ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት የምትሞክሩትን አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ በትንፋሽ የሚደረግ ሜዲቴሽን። አፕም፣ ዳታም አይፈልግም።

ለምን ትንፋሽ?

ስንጨነቅ ሰውነታችን አደጋ የመጣበት ይመስለዋል። አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልብን "ቀስ በል" ብንለው አይሰማንም። ትንፋሽ ግን በራሱም ይሠራል፣ ስናዘውም ይታዘዛል።

አየር ስናስገባ የልብ ምት በትንሹ ይፈጥናል፤ ስናስወጣ ቀዝቀዝ ይላል። ይህን በዋናነት የሚቆጣጠረው ከአንጎል ወደ ልብና ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት ለሰውነት "አይዞህ፣ አደጋ የለም" እንደማለት ነው።

እንዴት ይደረጋል?

1. ቁጭ በሉ ወይም ጋደም በሉ። ስልካችሁን ድምፁን አጥፍታችሁ ራቅ አድርጉት።

2. በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። በደቂቃ 6 ጊዜ ገደማ ይሆናል። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አትታገሉ፤ ካዞራችሁ ወደ ተለመደው አተነፋፈሳችሁ ተመለሱ።

3. አየሩ አፍንጫችሁን ሲነካ ወይም ሆዳችሁ ከፍ ዝቅ ሲል ልብ በሉ።

4. ሐሳብ ይዟችሁ ሲሄድ "ሄድኩ" በሉና ተመለሱ።

ብዙ ሰው "እኔ አልቻልኩበትም" ብሎ የሚተወው 4ኛው ላይ ነው። ሜዲቴሽን ማለት ግን አእምሮን ባዶ ማድረግ አይደለም። ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በ5 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ሄዳችሁ 30 ጊዜ ከተመለሳችሁ፣ 30 ጊዜ ሠራችሁ ማለት ነው። ጂም ውስጥ ክብደት እንደማንሳት ቁጠሩት፤ ጡንቻው የሚጠነክረው በመመላለሱ ነው።

ልምዱ በቡድሂዝም ውስጥ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ለታካሚዎች ሥልጠና አድርጎ ጀመረው። ሃይማኖት መቀየር አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱ። ትንፋሽን ማዳመጥ ጭራሽ ጭንቀት የሚጨምርበት ሰው አለ። እንዲህ ከሆነባችሁ ዓይናችሁን ገልጣችሁ በዙሪያችሁ የምታዩትን 5 ነገር በስሙ ጥሩ። ጭንቀቱ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ትንፋሽ ብቻውን አይበቃም። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። ነውር የለውም።

ትንፋሽ ፈተናውን አያስቀርም። ተረጋግታችሁ እንድትገቡ ግን ይረዳል። ዛሬ ማታ ሞክሩት፤ እንቅልፍ እምቢ ላለው ጓደኛችሁም ላኩለት።